አራጁ ወንድሜና የስድስተኛ ክፍል ፌንጣዎች

በመጀመሪያ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጽሑፍ የእኔ ቦታ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በሰፈራችን የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ነው። እሱንም ከኋላ ተቀምጬ፣ ደብተሬን በክንዴ ከልዬ ነው የተማርኩት። እስከ ዛሬ ሰው እያየኝ አልጽፍም። ብዙ ቦታ ልሳሳት እችላለሁ፤ ነገሩንም ከመሃል ጀምሬ ወደ ኋላ እመለስ ይሆናል። የሚያነብ ሰው ይታገሰኝ። ዝም ልል አስቤ ነበር። ዝም ማለት አይከብደኝም፣ ለምጄዋለሁ። ይሄኛውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ስለዚህ ደፈርኩ።

የምጽፈው ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ ሷሊሕ ነው። ሸዋ ሮቢት መጥታችሁ አራጁ ሷሊሕ የቱ ነው ብትሉ የባጃጅ ልጆች ራሳቸው ቤታችን ድረስ ያመጧችኋል። ሰርግ ያለው ይጠራዋል፣ ልጅ ወልዶ አቂቃ የሚያወጣ ይጠራዋል፣ ለሞተ ሰው ሰደቃ የሚያደርግ ይጠራዋል። በአስፋልቱ ዳር ያሉት የሹፌር ምግብ ቤቶችም እስከ ጀውሃ ድረስ ፍየላቸውን የሚያርድላቸው እሱ ነው። መልኩን ላየው ግን አራጅ አይመስልም። ቀጭን ነው። ሲናገር ጆሮ ጠጋ ማድረግ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ከጠየቃችሁት መልሱ እስኪመጣ ሻያችሁ ይቀዘቅዛል። ሚስቱ ኑርሃን፣ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ማንጎ የምትነግደው፣ ከሱ ጋር መጣላት አልችልም ትላለች። እኔ ተናግሬ፣ ተቆጥቼ፣ አልቅሼ፣ ታርቄ ስጨርስ እሱ ገና የመጀመሪያውን እያሰበ ነው ትላለች።

ሙያውን የተማረው ከአጎታችን ከአሊዪ ነው፣ አላህ ይዘንለት። አጎታችን አሊዩ አምባ በምትባል ከተማ ነበር የሚኖረው። ሷሊሕ ልጅ ሆኖ እሱ ዘንድ ተልኮ አደገ። ወንድሜ እንደሚለው አጎታችን መጀመሪያ ያስተማረው ማረድ አይደለም፣ ቢላ መደበቅ ነው። ቢላው የሚሳለው እቤት ነው፣ ከሱብሒ፣ ከንጋቱ ሰላት በኋላ። ከዚያ በጨርቅ ይጠቀለልና ብብት ስር ይገባል። ፍየሉ ቢላውን ማየት የለበትም። አንዱ ሲታረድ ሌላው ቆሞ ማየት የለበትም። መጀመሪያ ውሃ ይሰጠዋል። በእግሩ አይጎተትም። እጅ ደግሞ ፈጣን ይሁን፣ አንድ ጊዜ ይለፍ፣ ይበቃል። የሚገርመኝ ይሄን ሁሉ ሷሊሕ ለሰው ሲሰብክ አልሰማሁም። ዝም ብሎ ያደርገዋል እንጂ።

አንድ ጊዜ ብቻ ስለዚህ ነገር ከሰው ጋር ሲጋጭ አይቻለሁ። የሰፈር ሰርግ ነበር። ሲደርስ የሙሽራው ጓደኞች ሙክቱን በኋላ እግሩ እየጎተቱ፣ አንዱ ላዩ ላይ ተቀምጦ፣ ሌላው በስልክ እየቀረጸ ይሳሳቁ ነበር። ሷሊሕ አየና ሳይናገር ዞሮ ሄደ። ተከትለው ቢሮጡ፣ ፍየሉ ይረፍ፣ ሲረጋ ጥሩኝ አላቸው። የሙሽራው አባት መጥተው እስኪለምኑት ድረስ አልተመለሰም። እንግዳው ሁሉ ተርቦ ዋለ። እስካሁን ያንን ሰርግ የሚያነሱ አሉ፣ የሚያነሱትም ለምስጋና አይደለም።

ደግሞ ወንድሜን መልአክ አድርጌ እንዳልስለው። አንበጣ በመጣብን ዓመት፣ ጀውሃ አጠገብ ያለችው የአባታችን ማሳ ላይ ማሽላው ሊያሽት ሲል ሰማዩ ጠቆረብን። ሁላችንም ወጣን። ቆርቆሮ የደበደበ ደበደበ፣ የጮኸ ጮኸ፣ ቅርንጫፍ የያዘ በቅርንጫፍ ፈጀ። ሷሊሕም ፈጅቷል። ክንዱ እስኪዝል፣ ጫማው እስኪረጥብ ድረስ ረግጦ ገድሏል። ለምን ገደለ ብሎ የሚጠይቀው የለም፣ ራሱም ራሱን አልጠየቀም። ከልጆቻችን አፍ ነበር የሚነጥቀው። ይሄንን የምጽፈው በኋላ ሰዎች በዚህ ስለሚከራከሩት ነው።

አሁን ወደ ሴት ልጁ ልምጣ። ዓሊያ ትባላለች፣ ስድስተኛ ክፍል ናት። ሳይንስ ነፍሷ ነው። ሳይንስ የሚያስተምሯት መምህር ሽፈራው ከደጋ፣ ከደብረ ሲና ወዲያ ተመድበው የመጡ ወጣት ናቸው። እውነቱን ልናገር፣ ጎበዝ አስተማሪ ናቸው። ዓሊያ ቤት ስትገባ መምህር እንዲህ አሉ፣ መምህር እንዲህ አሳዩን ነው ወሬዋ። ለምን ሰማይ ሰማያዊ እንደሆነ እኔን የነገረችኝ እሷ ናት፣ ግማሹ ባይገባኝም። ስለዚህ እኚህን ሰው ሳማ ከጥላቻ ተነስቼ እንዳይመስላችሁ።

በጥቅምት፣ ሣሩ ገና ሳይደርቅ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በሕይወት ያለች ፌንጣ ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። ዓሊያ ለአባቷ ነገረች። ሁለቱ ተያይዘው ወደ ሮቢ ወንዝ ዳር ወረዱ። ፌንጣዋን የያዘላት ሷሊሕ ራሱ ነው፣ በኮፍያው ከድኖ። የባዶ ሃይላንድ ክዳን በምስማር በሳስቶ፣ ሣር ጨምሮ፣ በሕይወት አኑሪያት ብሎ ሰጣት። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ ለማየት ነው አለችው። ለማየት መስሏት ነበር። ያን ቀን ማታ ጠርሙሱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታያት አመሸች። ኑ እዩ፣ ጎኗ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እየተነፈሰች ነው አለችን። አየን። እውነትም የሆዷ ጎን እንደ ትንሽ ወናፍ ይነፋል፣ ይጎድላል። እኔ ይሄን ያህል ዘመን ፌንጣ መሃል ኖሬ አይቼው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ዓሊያ ገና የጠዋቱ ትምህርት ሳያልቅ፣ እያለቀሰች ተመለሰች። የሆነውን ቀስ በቀስ ነው ያወጣነው።

መምህሩ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ፌንጣ የምትተነፍሰው በአፍና በአፍንጫ ሳይሆን በሆዷ ጎንና ጎን ባሉ ቀዳዳዎች ነው ብለው ጻፉ። ልጆቹ ገለበጡ። ይሄን አስተውሉልኝ፣ መልሱ መጀመሪያ ተጻፈ። ከዚያ ክፍሉ በቡድን ተከፈለ። አንዱ ቡድን ፌንጣዋን በክር አስሮ ጭንቅላቷን ብቻ ውሃ ውስጥ ይንከር። አንዱ ቡድን ጭንቅላቷን ውጭ ትቶ ሆዷን ይንከር። አንዱ ቡድን ደግሞ ጎንና ጎኗን ቫዝሊን ይለቅልቅ። መምህሩ የስልካቸውን ሰዓት ከፍተው ጠረጴዛ ላይ አቆሙ። የልጆቹ ሥራ የትኛዋ ፌንጣ እስከ መቼ እንደምትፈራገጥ መመዝገብ ነው። ዓሊያ እንደነገረችን ልጆቹ እንደ ኳስ ጨዋታ ነበር የሚጮሁት። ገና ናት፣ ገና ናት፣ እግሯን አነሳች ይላሉ። አንደኛው ቡድን የኛ ሞተች ሲል ጭብጨባ ሆነ።

የዓሊያ ቡድን ሆዷን የሚነክረው ነበር። ክሩን ይዛ ቆመችና ጠየቀች።

«መምህር፣ ትሞታለች እንዴ?»

«አዎ፣ ቀስ ብላ» አሉ። «ቀስ ማለቷን ነው የምንመዘግበው።»

ዓሊያ የማን ልጅ እንደሆነች አስቡ። ቤቷ ውስጥ ከልጅነቷ ጀምራ ያየችው ምንድነው? የሚሞት ነገር ካለ ፈጥኖ ይሙት፣ ስሙ ተጠርቶለት ይሙት፣ ሌላው እያየው አይሙት። ከዚህ ሌላ መግደል አታውቅም። እርሳስ የምትቀርጽበትን ምላጭ ከቦርሳዋ አወጣች። ፊቷን ወደ ሰሜን፣ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዞረች፤ ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጠች ማለት ነው። ፌንጣዋን በመዳፏ ከለል አድርጋ፣ ሌሎቹ ጠርሙስ ውስጥ ያሉት እንዳያዩ፣ ቢስሚላህ አላሁ አክበር ብላ አንገቷን ቆረጠችላት።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጠረጴዛ የደበደበ፣ ወለል ላይ የተንከባለለ አለ። መምህሩ ምን አደረግሽ ቢሏት፣ አሳረፍኳት አለች። እሳቸው ቀልድ መሰላቸው። በእኔ ትምህርት ላይ ክፍሉን አሳቅሽብኝ ብለው፣ ወላጅ ሳታመጪ እንዳትመለሺ አሏት።

ይሄን ስትነግረን ሷሊሕ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር። ልጄ፣ ፌንጣና አንበጣ አይታረዱም፣ ያለ ቢላ ሐላል ናቸው፣ አጎቴ አሊዪ ቢሰማሽ ይስቅ ነበር አላት። የልጅ ስህተት ነው፣ ከአራጅ ቤት ልጅ በቀር ማንም የማይሳሳተው ስህተት። ከዚያ ሌሎቹ ልጆች በፌንጣዎቻቸው ምን እንዳደረጉ ጠየቃት። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ጭብጨባው ስትነግረው ፈገግታው ጠፋ። ተነስቶ ወጣ።

ወሬው ግን ከሱ ቀድሞ ሰፈሩን ዞሮ ነበር። ቃሲም የሚባል ባጃጅ ነጂ ጎረቤት አለን፣ አፉ አያርፍም። ዓሊያንና አባቷን በራችን ላይ ሲያይ ባጃጁን አቆመ።

«ዓሊያ፣ ቅርጫ ነበር አሉ። ለኔ ሽንጡን አላስቀረሽልኝም?»

ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረ። «ጋሼ ሷሊሕ፣ ቆዳዋን ለማን ሸጣችሁት? ጥሩ ዋጋ አለው ይባላል ዘንድሮ።»

ኑርሃን እንኳ ሳታስበው ሳቀች። እኔም ከንፈሬን ነክሼ ነው እንጂ ስቄ ነበር። ቃሲም ክፉ ሰው አይደለም፣ ቀልዱ ግን እስከ ማታ ልጆች አፍ ውስጥ ገባ። ዓሊያ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ የፌንጣ አራጅ እያሉ ተከተሏት። ባልዲውን ባዶውን ይዛ ተመለሰች።

በማግስቱ ሷሊሕ ትምህርት ቤት ሄደ። ልጅቷ ቤት ቀረች፣ እኔ አብሬው ሄድኩ፤ ኑርሃን ገበያ ስለነበረች ነው እንጂ እኔ ለዚህ ነገር የምሆን ሰው አይደለሁም። ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ውስጥ ወንበር ሰጡን። መምህር ሽፈራው መጡ። አክብረው ነው የተናገሩት፣ አልዋሽም። ይሄ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የለውም አሉ። ልጆቹ መጽሐፍ ከማንበብ በቀር በእጃቸው ነክተው የሚማሩት ነገር የለም። በራሴ ጥረት ነው ይሄን ሁሉ የማደርገው። ዛሬ ፌንጣ የት እንደምትተነፍስ ያየ ልጅ ነገ የሰው ሳንባ የሚያክም ሐኪም ይሆናል። ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ ለዚህ ነው ያዘንኩት አሉ። ከዚያ ጠየቁት።

«ጋሼ ሷሊሕ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እርስዎ በቀን ስንት ፍየል ያርዳሉ?»

ወንድሜ አሰበ። «እንደ ገበያው ነው» አለ።

«ታዲያ ለአንዲት ፌንጣ?»

ርዕሰ መምህርቷ ሳቅ አሉ። የአንበጣውንም ዓመት አነሱ፤ ያኔ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ተማሪና አስተማሪ ማሳ ወጥቶ እንዳልገደለ ሁሉ፣ ዛሬ ለፌንጣ ማልቀስ ምንድነው አሉ። ሷሊሕ ራሱን ነቀነቀ፣ እውነት ነው እንደማለት። እኔ በጎን አየሁት። ተናገር እንጂ አልኩት በሆዴ። እሱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጆቹ ይስቁ ነበር?»

«ልጆች አይደሉ፣ ይስቃሉ» አሉ መምህሩ።

ከዚያ ውሳኔው ተነገረን። ዓሊያ በማግስቱ ጠዋት ሌላ ፌንጣ ይዛ ትመጣለች። ክፍሉ ፊት ቆማ ሙከራውን ደግማ፣ እንደታዘዘችው፣ እስከ መጨረሻው ትሠራለች። መምህሩን ይቅርታ ትጠይቃለች። ይሄን ካላደረገች ክፍል አትገባም። ፈተና ደግሞ ቀርቦ ነበር። ሷሊሕ እሺ፣ ላስብበት ብሎ ተነሳ። የመምህሩንም እጅ በሁለት እጁ ነው የጨበጠው።

መንገድ ላይ አልቻልኩም። ለሰው ቀና ብዬ የማላውቅ ሴት ታላቅ ወንድሜን ተቆጣሁት። ምላስህን ለቢላህ ነው ወይ የሰጠኸው አልኩት። በሰርጉ ጊዜ ለሙክት የተቆጣህ ሰው ለልጅህ ዝም ትላለህ አልኩት። እሱ አስፋልቱን እያየ ሄደ። ከፊታችን ግመል የጫነ ሰው ሲያልፍ ቆሞ አሳለፈ። «አንድ እውነት ተናግረዋል» አለኝ በመጨረሻ። «እኔ ገዳይ ነኝ። ከየት ልጀምር ብዬ ነው።»

እሱ ከየት እንደሚጀምር ካላወቀ እኔ ልጀምር፣ ቢሮው ውስጥ ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው። ሰው የሚበላውን ያርዳል፣ የሚበላውን ይገድላል። ማሽላ ላይ የወረደን አንበጣ ማንም አይምርም። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የኔ ንዴት ሌላ ነው። መልሱ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ፌንጣዎቹ ለምን ታነቁ? ምን ለማወቅ? ያችን ፌንጣ ዓሊያ ማታ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሆዷ ሲነፋና ሲጎድል አይታለች፣ እኔ መሃይሟ እንኳ አይቻለሁ። የት እንደምትተነፍስ ለማየት ማየት ይበቃ ነበር። ልጆቹ በዚያ ክፍል የተማሩት ስለ መተንፈስ አይደለም። የተማሩት እጃቸው ላይ ያለ፣ የማይጮህ ነገር ሲጨነቅ ሰዓት ይዞ መቆምን ነው። የተማሩት ማጨብጨብን ነው። ፌንጣ ትጮህ ቢሆን ኖሮ ያ ክፍል ያጨበጭብ ነበር? ድምፅ የላትም ብለን ነው የደፈርናት።

ደግሞስ ማነው የተቀጣው? ያነቁት ልጆች ማርክ ተሰጣቸው። አትሰቃይ ያለችው ተባረረች። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። እርግጥ አስተማሪ ይከበር፣ ልጅም ትዕዛዝ ትስማ። ግን ልጅ እጇ እምቢ ሲል፣ ያንን እምቢታ ያሳደጉት እናትና አባት ናቸው፣ ዓመታት ነው የፈጀው። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያስተዉት? ቃሉን አሳምሬ አልጻፍኩት ይሆናል፣ ሐሳቡ ግን ይሄ ነው። እኔ ሳይንስ ይቅር አላልኩም። ሳይንስ ቢቀር የመጀመሪያዋ አልቃሽ ዓሊያ ናት።

ቤት ስንደርስ ኑርሃን ከገበያ ገብታ ነበር። ሰማችና የእናት ነገር ነው፣ ቀጥ ብላ ተናገረች። ፌንጣ ናት፣ ልጄ ደግሞ ልጄ ናት። እኔ ፀሐይ ላይ የምቀመጠው እሷ እንደኔ ሽንኩርት ስር እንዳትቀመጥ ነው። ትሥራውና ትግባ። አላህም ያውቀዋል አለች። እኔም ያን ሰዓት እውነቷን ነው ብዬ ነበር።

የመግሪብ፣ የምሽቱ ሰላት ሳይደርስ ዓሊያ ከውጭ ገባች። ማንም ሳያዛት ወንዝ ዳር ወርዳ ኖሯል። እጇ ላይ ያው ሃይላንድ ነበር፣ ውስጡ አዲስ ፌንጣ። አባቷ ፊት ቆመች።

«እሠራዋለሁ አባ» አለችው። «ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የወንድሜ ፊት ሲለወጥ ያየሁት። ሰርጉ ላይ ዞሮ የሄደ ቀን እንኳ እንዲህ አልነበረም። ጠርሙሱን ከእጇ ተቀበለ። ኑርሃን ልትናገር ስትል እጁን አነሳ።

«ስሚኝ» አላት ልጅቷን። «እኔ ይሄን ያህል ዘመን አርጃለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አንድም ቀን አላረድኩም። ልጨፍን ካማረኝ የዚያን ቀን እጄ ልክ አይደለም ማለት ነው፣ እመለሳለሁ። አንቺም አትሠሪውም።»

«ትምህርቴስ?»

«ትምህርትሽንም አንተውም።»

ክዳኑን ከፈተና ጠርሙሱን በር ላይ ባለው ሣር ላይ አጋደመ። ፌንጣዋ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ዘለለች። ኑርሃን ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት ልታደርገው ነው አለችው። ተነስቶ ለሰላት ሄደ። እሷ ወደ እኔ ዞራ፣ ይሄው ነው እንግዲህ፣ ልጄን በዝምታው ሊያስቀርብኝ ነው አለች። ዓሊያ ግን ዩኒፎርሟን አወጣችና አጠበች። ለምን እንዳጠበችው አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ ጠዋት ሷሊሕ ጀውሃ ላሉት ምግብ ቤቶች ደውሎ ዛሬ አልመጣም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ አላቸው። ዓሊያን ይዞ ወጣ። ልከለክለው አልቻልኩም፣ ልተወውም አልቻልኩም፣ ከኋላ ተከተልኩ። የባንዲራው ሥነ ሥርዓት አልቆ ተማሪው ሲገባ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። መምህር ሽፈራው ባዶ እጇን አዩ። ሷሊሕ በዚያች በማትሰማ ድምፁ፣ ክፍሉን ስላሳቀችብዎት ይቅርታ ትጠይቃለች፣ የሙከራውን ዜሮ ይስጧት፣ ደግማ ግን አታደርገውም አላቸው። ዓሊያ ይቅርታ ጠየቀች። መምህሩ ቆይተው፣ ሁለቱንም ነው የተባለው፣ ካልሆነ ክፍል አትገባም አሉ። ሷሊሕ እሺ አለ። አልተከራከረም።

ከዚያ ልጁን ይዞ ክፍሉን ዞረ። ከመስኮቱ ስር ድንጋይ ነበር። እሷን ድንጋዩ ላይ አስቀመጣት፣ እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ደብተሯን እንድታወጣ ነገራት። ውስጥ ትምህርቱ ተጀመረ። መምህሩ ድምፃቸው ውጭ ድረስ ይሰማል። ዓሊያ ሰሌዳውን ለማየት ብድግ ትላለች፣ ትገለብጣለች፣ ትቀመጣለች። ልጆች በመስኮቱ አንገታቸውን እያወጡ ሳቁ፣ አንዱ የፌንጣ አራጅ አለ። ሷሊሕ ቀና ብሎ ሰላምታ ሰጠው። መምህሩ መስኮቱን ሊዘጉ መጡ። እጃቸውን ማጠፊያው ላይ አድርገው ቆሙ፣ ወደ ታች አዩን። ግን የሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው፣ ያን ሁሉ ተማሪ ዘግቶ ማስተማር አይቻልም። ሳይዘጉት ተመለሱ። ማስተማራቸውን ቀጠሉ፣ ትንሽ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉ መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ፀሐይዋ ግድግዳውን አልፋ ስትመጣብን ሷሊሕ ይዞት የመጣውን ጃንጥላ ዘረጋና ደብተሯ ላይ ጥላ እንዲያርፍ አድርጎ ያዘው።